ጎተራው ሲሞላ

ጃንዋሪ 9፣ ማክሰኞ

ኮች ዌንደል ትናንት ልምምድ ላይ ወደቁ። ፊሽካው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ወደ ቀኝ ዘመም አሉ፤ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሊቀመጡ መስሎን ነበር። ቀድማ የደረሰችላቸው ብሪት ናት። አምበላችን ናት፤ ከብት አርቢ ቤት ነው ያደገችው፤ ብትደነግጥም አያስታውቅባትም። እኔ የቅርጫት ኳሱን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ለምን እንደቆምኩ አሁንም አልገባኝም። አምቡላንሱ በጓሮው ትልቅ በር፣ ለምረቃ ቀን ወንበር በምናስገባበት በኩል ገብቶ ሜዳው ጠርዝ ድረስ መጣ።

ስትሮክ ነው። በሕይወት አሉ። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል።

የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቶለፍሰን ከሆስፒታል ደውሎ “እስኪመለሱ ድረስ ቡድኑን አንቺ ያዥው” አለኝ። “እስኪመለሱ ድረስ” አልኩት እኔም። በዚሁ ሜዳ ላይ ተጫዋች ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ምክትላቸው ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው። ወንበራቸውን ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይከብደኛል እንዴ?

ሐሙስ ጨዋታ አለን።

ጃንዋሪ 11

ተሸነፍን፤ በሰፊው። ልጆቹ ጨዋታውን ሙሉ ባዶውን ወንበር ሲያዩ አመሹ። እኔም አጠገቡ ቆሜ አመሸሁ። ተቀመጪም አትቀመጪም ያለኝ ሰው የለም።

ጃንዋሪ 14

ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስታቸው አርዲስ በክሬምና በፍራፍሬ የሚጋግሩትን ኩከን የሚባል ኬክ ለነርሶቹ እያደሉ አገኘኋቸው። ኮች ዌንደል ነገሩን ሁሉ “ኳስ” ነው የሚሉት። ውሃው ኳስ፣ መነጽሩ ኳስ፣ ሐኪሙም ኳስ። መሳሳታቸውን ያውቁታል። ይናደዱና ወዲያው ይስቃሉ፤ ግን የሚስቀው ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው።

አርዲስን “በፌብሩዋሪ አጋማሽ ይመለሳሉ፤ ለግማሽ ፍጻሜው ይደርሱልናል” አልኳቸው። የባላቸውን ቀኝ እጅ አዩና አንድ ቁራሽ ኬክ ጨመሩልኝ።

ጃንዋሪ 16

ዛሬ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምዝገባ በጎተራው ነበር። የተጻፈበት ስም ኔስ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው እንደዚያ ክብ ሆኖ እያለ ግን በዚያ ስም የሚጠራው ተማሪ አይቼ አላውቅም። ጠዋት የከተማው ጡረተኞች በላይኛው መተላለፊያ እየዞሩ ይራመዳሉ። ከእነሱ ሥር ምዝገባው፣ ከሰዓት በኋላ የነርስ ተማሪዎች ደም ልገሳ፣ አመሻሽ ላይ የወንዶቹ ቡድን። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍቱን ሳያይ የተመረቀ አይጠፋም። ጎተራውን ሳይረግጥ የወጣ ግን የለም፤ ዲግሪው ራሱ የሚሰጠው እዚያ ነው።

ለልምምድ ሰዓት ስለምን ዋልኩ። በመጨረሻ የመዘምራኑ መሪ አዘነልኝና የራሱን ለቀቀልኝ። ኮች ዌንደል ለምነው አያውቁም ነበር። ብቅ ሲሉ ሰው ይነሳላቸዋል።

ጃንዋሪ 17

የተጋጣሚን ቪዲዮ ለማየት ቢሯቸው ገባሁ። ስክሪኑ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ወንበሩ ለእኔ ከፍ ስላለብኝ ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ስወጣ መለስኩት።

ጃንዋሪ 20፣ ቅዳሜ

እንዴት ብዬ ልጻፈው!

የኮች ዌንደል ጨዋታ ዘገምተኛ ነው። ኳሱን በእርምጃ ታመጣለህ፤ ታቀብላለህ፤ ደግመህ ታቀብላለህ፤ ተጋጣሚው ሲሰለች ትወረውራለህ። በዚያ ብዙ አሸንፈዋል፤ አሸንፈናልም። ግን ዘንድሮ ኬኦና አለች። ከኦማሃ የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ኳስ ይዛ እንደሷ የሚሮጥ ሰው በዚህ ሜዳ ላይ አይቼ አላውቅም። ኮች ዌንደል “ሩጫ ከፈለገች የአትሌቲክሱ ሜዳ ከጎን ነው” ይሉ ነበር። ስለዚህ ስትቀመጥ ከረመች።

ዛሬ ከዕረፍት በኋላ እየተመራን ሳለ አስገባኋትና “ሩጪ” አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ሮጠች። ብሪት ከሥር ኳሱን እየነጠቀች ወደፊት ትለቅላታለች፤ ያቺ ቀድማ ቅርጫቱ ሥር ትገኛለች። ተጋጣሚዎቹ ወደ ኋላ ዞረው ሳይጨርሱ ነጥቡ ይቆጠራል። የተመልካቹ ደረጃ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ድምፁ ግን የሞላ ነበር። እኔ ራሴ መጮሄን ያወቅኩት ድምፄ ሲዘጋ ነው። አሸነፍን።

መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውየው ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው እኔ እስቃለሁ። እንዲህ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

ጃንዋሪ 23

ልምምዱ ሁሉ ሩጫ ሆነ። ሁለት ልጆች ቅርጫቱ ሥር ያለው ባልዲ ውስጥ አስመለሱና አፋቸውን ጠርገው ተመልሰው ገቡ። “ይብቃን” ያለ የለም።

ብሪት ውሃ እየጠጣች “ኮች ዌንደል ይህን ያውቃሉ?” አለችኝ።

ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ አልኳት።

“ሬዲዮ አላቸው እኮ” አለችና ወደ ሜዳው ተመለሰች።

ጃንዋሪ 28

ወደ ማገገሚያው አዛወሯቸው። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዶቹ ቡድን አወራኋቸው። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ልወጣ ስል “ያ ጨዋታ የሚያስተላልፈው ልጅ መቼም ማጋነን ይወዳል” አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ኮች ዌንደል ዓይኔን አዩኝ። አርዲስ ሹራብ መሥራታቸውን ቀጠሉ።

ፌብሩዋሪ 3

አሁንም አሸነፍን። ሦስተኛችን ነው ወይስ አራተኛችን? ፈንዲሻው ከዕረፍት በፊት አለቀ። የተማሪ ማደሪያው ልጆች ፊታቸውን ሰማያዊ ቀብተው መጡ። የባዮሎጂ መምህሯ፣ ያቺ ፈገግታዋን ማንም አይቶት የማያውቀው ሴትዮ፣ ከበሮ ይዛ መጣች። በእውነት ከበሮ።

ቸኩያለሁ። ነገ እንጓዛለን።

ፌብሩዋሪ 10

ዛሬ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፤ በዚያ ብርድ። ለሴቶች ቡድን በጎተራው በር ላይ ሰልፍ ሲኖር ተጫዋች ሆኜም አላየሁም።

ከጨዋታው በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳለ ሁለት ሴቶች እጃቸውን እየታጠቡ ያወራሉ። አንዷ፣ “ድሮም ነገሩን የምትሠራው እሷ ነበረች ይላሉ” አለች። ሌላዋ፣ “ዌንደልን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ከተመለሱ ትራስ ይዤ ነው የምመጣው” አለችና ሁለቱም ሳቁ። እስኪወጡ ድረስ በሩን አልከፈትኩም። ወጥቼ እሳቸው የሠሩት ሥራ ነው፣ እኔ ቦታ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። “ትራስ ይዤ ነው የምመጣው።” ነገሩ ስድብ ነው፤ አያስቅም። ቤት እስክደርስ ግን ሁለቴ አስቆኛል።

ፌብሩዋሪ 17፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ሆነን ጨረስን! ግማሽ ፍጻሜው የሚመጣው ቅዳሜ በራሳችን ሜዳ ነው፤ ከሴንት ኦዲል ጋር። ብሪትና ሌሎቹ ተመራቂዎች በጎተራው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ተጫውተው አያውቁም። ኬኦና ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጨፈረች። ውረጂ አላልኳትም።

የኮች ዌንደልን ፎቶዎች ከቢሮው ግድግዳ አውርጄ ካርቶን ውስጥ አደረግኳቸው። አቧራ እየበላቸው ነበር።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሰኞ

ከንጋት ጀምሮ ዝናብ ነው፤ መሬት የነካው ሁሉ በረዶ ይሆናል። ዛፎቹ መስታወት መስለዋል። ከቀትር በኋላ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወድቁ ጀመር። አውራጃው በሙሉ ጨለመ።

መብራት ያለው ጎተራው ብቻ ነው። የራሱ ማሞቂያና ትልቅ ጄኔሬተር አለው፤ የተሠራውም እንዲህ ላለ ቀን ጭምር ነው። ለምረቃ የምናነጥፈውን ምንጣፍ በወለሉ ላይ ዘረጋን፤ በላዩ ታጣፊ አልጋ ደረደርን። ቡድኔ በሙሉ አልጋ ተሸካሚ ሆነ። ሲመሽ ሰው መጣ፤ መምጣቱንም አላቆመም። ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች፣ ካናቴራ ብቻ የለበሱ የማደሪያ ልጆች፣ ዘንቢል ውስጥ የገባች ድመት።

የብሪት ቤተሰብም መጣ። አባቷ ከብቶቹን ሊያልብ በትራክተር ተመልሶ ሄደ። አያቷ ኦርቪል ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ አይችሉም፤ ለሶኬቱ ብለን በምሥራቁ ቅርጫት ሥር አስተኛናቸው። ሽቅብ ቅርጫቱን አይተው “ከዚህስ እኔም አስቆጥራለሁ” አሉ።

ፌብሩዋሪ 20

ማገገሚያው ማሞቂያው ቆመበትና ሕሙማኑን ወደ ጎተራው አመጣቸው። ኮች ዌንደል በተሽከርካሪ ወንበር፣ አርዲስ ከኋላ ሹራባቸውን ይዘው። የደረሳቸው አልጋ ከተቀያሪዎች ወንበር ፊት ለፊት ነው። ከየት አባቱ እንዲህ ዓይነት ቦታ መረጡላቸው?

የሜዳውን ሩብ ከአልጋ ነጻ አድርገን ልምምድ ሠራን። አልሮጥንም ብዬ ልጻፍ? ሮጥን። በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ እያየ። ልጆቹ ተመልካች ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው። ኦርቪል ሳይቀሩ በዚያች ትንፋሻቸው ዳኛ ሲሳደቡ ሰማሁ፤ ዳኛ ግን አልነበረም።

እኔ ለኮች ዌንደል ጀርባዬን ሰጥቼ ነው ያሠለጠንኩት። ስጨርስ ማለፊያው በእሳቸው አልጋ በኩል ብቻ ሆነብኝ። ግራ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ። አፋቸው ቃሉን ሲፈልግ ቆየ። ኳስ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ “ፈጣን” አሉ።

ፈጣን። ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ሸሸሁ ማለት ይሻላል።

ፌብሩዋሪ 21

ፈጣን ማለታቸው ምን ማለታቸው ነው? በጣም ፈጠነ ማለታቸው ነው? ድሮ እንዲህ ሲሉ ግንባራቸው ይቋጠር ነበር። ትናንት ግንባራቸውን አላየሁትም። ለምን አላየሁም?

ጎተራው ግን ጉድ ነው! የኬሚስትሪ መምህሩ የቀረ ትምህርት ማካካሻ ብሎ በተመልካቹ ደረጃ ላይ ያስተምራል፤ ሦስት ገበሬዎች ከኋላ ተቀምጠው ጥያቄ ይጠይቁታል። የደጋፊ ማኅበሩ ሰዎች በጓሮው በር መጥበሻቸውን አቁመው ያን በእንጨት የሚሰካ ቺዝሊክ ሥጋ እየጠበሱ ለሁሉ ያድላሉ። ከሰዓት በኋላ የማርሽ ባንዱ ፖልካ የሚሉትን የድሮ ጭፈራ ተጫወተ። ሽማግሌዎቹ በአልጋዎቹ መሃል ጨፈሩ፤ ኬኦናን ደግሞ አንዲት የሰማንያ ዓመት ሴትዮ እጇን ይዘው ሲያስተምሯት “ቀስ በይ፣ ቀስ በይ” ይሏታል። እዚህ የተማርኩባቸውንና የሠራሁባቸውን ዓመታት ሁሉ ቆጥሬ ጎተራውን እንዲህ አላየሁትም። ዩኒቨርሲቲው ከተማውን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያይ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ኮች ዌንደል ሲጨፈር እያዩ እግራቸውን ያወዛውዙ ነበር። በሌላኛው በኩል ዞሬ አለፍኩ።

ፌብሩዋሪ 22፣ ሐሙስ

ለከተማው መብራት መጣ። ብዙው ሰው ወደ ቤቱ ገባ። የቀሩት ገበሬዎቹና ሕሙማኑ ናቸው፤ የገጠሩ መስመር እስከ ሰኞ አይጠገንም፤ የማገገሚያው ማሞቂያም ገና አልተሠራም።

ቶለፍሰን ጠራኝ። ውድድሩን የሚመሩት ሰዎች ቁርጡን ተናግረዋል፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ሜዳው ነጻ ካልሆነ ጨዋታው ወደ ሴንት ኦዲል ይዞራል። ከከተማው ጠርዝ ያለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በምድር ቤቱ ሰዎቹን ሊቀበል ፈቃደኛ ነው፤ በገጠሩ መስመር ላይ ቢሆንም ጄኔሬተር አላቸው። “ቡድኑ ያንቺ ነው፤ ምን ትያለሽ?” አለኝ። አክሎም ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጨዋታውን ያያል፤ ካንቺም ጋር መነጋገር ይፈልጋል አለ። ስለ ምን እንደሆነ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም።

“ይዛወሩ” አልኩ። ምድር ቤቱ ይሞቃል ብሎኛል። ቅርብ ነው። አልጋውም ያው አልጋ ነው።

ለልጆቹ ስነግራቸው መልበሻ ክፍሉ በደስታ ሊፈርስ ደረሰ። ብሪት ብቻ አልጮኸችም። ጫማዋን ፈትታ እንደገና እያሰረች ነበር።

ፌብሩዋሪ 23፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ አለበለዚያ ነገ ለራሴ አሳምሬ እተርከዋለሁ።

ጠዋት ማዛወሩ ተጀመረ። የመጀመሪያው መኪና ላይ ኦርቪል ነበሩ። ማሽናቸውን ተሸክሜ አብሬ ሄድኩ፤ ማንም ሂጂ ሳይለኝ። ምናልባት ብሪት እንድታየኝ ነው።

ምድር ቤቱ ወለሉ እርጥብ ነው። ፓስተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ አልዋሹኝም። ጄኔሬተሩ ትንሽ ነው፤ ማሽኑ ሲሰካ ማሞቂያው ይቀንሳል፤ “እያፈራረቅን እንጠቀማለን” አሉኝ። ኦርቪል ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ቀለሙ ተቀይሯል። “እዚህም ሬዲዮ ይሰማል አይደል?” አሉኝ። “ግድ የለም፤ እዚህ እሰማዋለሁ። ብሪትን ግን የቅጣት ውርወራ ላይ ጉልበትሽን እጠፊ በያት፤ እኔ ብነግራት አትሰማም።”

ሌሎቹም እዚሁ ሊመጡ ነው፤ ከኮች ዌንደል አልጋ ጀምሮ። ቆሜ ያን እርጥብ ወለል አየሁ። ትናንት እሺ ስል ይህን አልጠየቅኩም። መጠየቅ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሹፌሩን “መልሰን” አልኩት። ኦርቪል “ምነው ተጣላን እንዴ?” አሉ።

ቶለፍሰን ቢሮ ቁልቁል ሮጬ ነው የገባሁት።

“ሰዎቹ አይነሱም። እኛ ሄደን እነሱ ሜዳ ላይ እንጫወታለን።”

“ትናንት እሺ ብለሻል እኮ።”

“ትናንት ምድር ቤቱን አላየሁትም። አንተ አይተኸዋል?”

በሩን ዘጋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ኮሪን፣ ፕሬዚዳንቱ ነገ የሚመጣው አንቺን ሊያይ ነው። በጎተራው፣ ሰው ሞልቶ። ይህ ዕድል ደግሞ የሚመጣ አይመስለኝም። ገብቶሻል?” አለኝ።

“ገብቶኛል” አልኩት።

እሱም ስልኩን አነሳና ወደ ሴንት ኦዲል ደወለ። ቶለፍሰን ክፉ ሰው አይደለም።

መልበሻ ክፍሉ ከባድ ነበር። ኬኦና ኳሷን በብረት ቁም ሳጥኑ ላይ ለጋችው። “ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ለዚህ ነው? ሰው ሜዳ ላይ ሄደን ሊጮኹብን?” አለች። ሳላይ እሺ ብዬ አጓጓኋችሁ፤ አይቼ ተመለስኩ፤ ከፈለጋችሁ በእኔ ተናደዱ አልኳቸው። ከዚያ ብሪት ከጥግ ተነሳች። ዓይኗ ቀልቷል። “በራሳቸው ሜዳ ስናሸንፋቸው ፊታቸውን በቅርብ እናየዋለን። እኔ በበኩሌ የእናቶቻቸውንም ፊት ማየት እፈልጋለሁ” አለች። ኬኦና ሳቋ አመለጣት። በቃ፣ ጉዞ።

ቦርሳዬን ልወስድ ሳልፍ አርዲስ እጄን ያዙኝ።

“ለምንድነው የምትሸሺው?”

አልሸሸሁም አልኳቸው። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

“ስሚ ልጄ። ጨዋታችሁን በሬዲዮ ሲሰማ ጭኑን እየመታ ነው የሚሰማው፤ በሩጫው ልክ፣ ቶሎ ቶሎ። ሐኪሙ ይህን እጅ ማነው እያሠራ ያለው ብሎ ጠየቀኝ። ቀኝ እጁን እኮ ነው።”

ኮች ዌንደል አልጋቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ግንባራቸውን አየሁት። አልተቋጠረም። “እስኪመለሱ ቦታውን እጠብቅልዎታለሁ” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። አንገታቸውን አሟቸው ይሆናል።

ከዚያ “ሂጂ” አሉኝ። በጣም ጥርት ብሎ።

ፌብሩዋሪ 24፣ ቅዳሜ፣ አውቶቡስ ውስጥ

መንገዱ መስታወት ነው። በሰው እርምጃ ነው የምንሄደው። ኬኦና “ወርደን ብንሮጥ እንቀድመዋለን” ትላለች። ሹፌሩ ተቀይሟል። ልጆቹ እየዘፈኑ ነው። እኔ ምንም መብላት አልቻልኩም።

ያው ቀን፣ ስንመለስ

አሸነፍን! አሸነፍን! አሸነፍን!

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ሁሉም በእኛ ላይ። እስከ ዕረፍት ተመራን። በሦስተኛው ሩብ ተከላካዮቻቸው ወገባቸውን ሲይዙ አየሁ። ልጆቼም አዩ። ከዚያ በኋላ ጎርፍ ነው፤ ብሪት ትነጥቃለች፣ ኬኦና ትሮጣለች፤ ትነጥቃለች፣ ትሮጣለች። የመጨረሻዋን የቅጣት ውርወራ ስትወረውር ብሪት ጉልበቷን አጠፈች። ነግሬአታለሁ።

አርዲስ ደወሉልኝ። በጎተራው ጨዋታውን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ለቀውት ኖሯል። ከጩኸቱ የተነሳ ምን እንደሚሉ አልሰማኋቸውም፤ ከዚያ ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዞሩት። አውቶቡሱ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። ኬኦና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንደኛ የነበረው ዌስት ፎርክም በሜዳው ተሸንፏል! ከቀሩት ከፍተኛው ደረጃ የእኛ ስለሆነ ፍጻሜው እኛ ጋ ነው። ማክሰኞ። በጎተራው። የገጠሩ መስመር ሰኞ ከተጠገነ።

ፌብሩዋሪ 26

ተጠገነ። ሰዎቹ ግን አልሄዱም። አልጋውን ራሳቸው አጣጠፉ፤ ምንጣፉን ራሳቸው ጠቀለሉ፤ ወለሉን በጉልበታቸው ተንበርክከው ወለወሉት። አንዱን ገበሬ ቤትህ አይጠብቅህም ወይ ብዬ ብጠይቀው “ላሞቹን አልቤ ነው የመጣሁት” አለኝ። ማሽናቸውን የታቀፉት ኦርቪል ወንበር ላይ ሆነው ለሁሉም ትእዛዝ ይሰጣሉ።

ፌብሩዋሪ 27

ሊጀመር ነው። ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ከቢሮው ሆኜ በእግሬ ሥር ይሰማኛል። ውጭ የቀሩ አሉ ይባላል። የባዮሎጂ መምህሯ ከበሮ ሁለት ሆኗል። ሄድኩ።

ፌብሩዋሪ 28

ተሸነፍን። በጭማሪ ሰዓት፣ በአንዲት ነጥብ።

መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል እኩል ነበርን፤ ኳሱ በእኛ እጅ። ጨዋታ ማስቆም እችል ነበር። ኮች ዌንደል ቢሆኑ አስቁመው ሰሌዳቸው ላይ ይስሉ ነበር። ኬኦና ዞር ብላ አየችኝ። እጄን ወደፊት ወረወርኩ። ሩጪ። ሦስቱን አልፋ ቅርጫቱ ሥር ደረሰች፤ ኳሱ ብረቱን ዞረ፣ ዞረ፣ ወጣ። ዛሬም ብትጠይቁኝ አላስቆምም። ሌሊቱን ሁሉ አሰብኩበት፤ አላስቆምም።

ሲያልቅ ሰው አልወጣም። ዋንጫውን ለሌሎቹ ሲሰጡ አጨበጨቡ፤ ከዚያ የእኛን ልጆች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ቆሙ፤ የማደሪያው ልጆችና ገበሬዎቹ አንድ ላይ። ኬኦና አልቅሳ አልቅሳ “አሁኑኑ ድጋሚ እንጫወት፤ የትም አይሂዱ” አለች። ፕሬዚዳንቱ እጄን ጨብጦ “እንነጋገራለን” ብሎኝ ሄደ። ስለ ምን እንደሆነ አላለም።

ኮች ዌንደል ከልጆቹ ጋር መልበሻ ክፍል ገቡ፤ ብሪት ናት የገፋቻቸው። ለእያንዳንዷ ቀኝ እጃቸውን ሰጡ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚዘረጋው። ለእኔም ሰጡኝ። ጣቶቹ ይሞቃሉ።

ማርች 4፣ ሰኞ

ጎተራው ዛሬ ለፈተና ጠረጴዛ ተደርድሮበታል። ብዙ መቶ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ ላይ ጡረተኞቹ ጫማቸው እንዳይጮህ በጣታቸው ይራመዳሉ። አርዲስ ጠዋት ደውለው ነበር፤ ዌንደል ዛሬ ማንኪያውን “ማንኪያ” አለው አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው፣ ቤቱን ሸጠን ከዚህ ርቀን ልጃችን ጋ ልንገባ ነው፣ አንቺ እንድታውቂው ብለን ነው አሉኝ። ደስ ብሎኛል አልኳቸው። ቀጥሎ ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ቢሮ ተቀምጬ ሳለ ስልክ ጮኸ። ከነብራስካ ነው፤ አንዲት እናት። ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጫዋች ናት፤ የፍጻሜውን ጨዋታ አብረው አይተውታል፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መስማት አልፈለገችም።

“እዚያ ስትሮጥ ነው ራሷን ያየችው” አሉኝ። “ግን አሠልጣኙ ታመዋል፣ የያዘችው ምክትል ናት ሲባል ሰማን። ልጄን አርቄ ልልክ ነው፤ ማን ጋ እንደምልካት ማወቅ አለብኝ። የሚመጣው ዓመት አሠልጣኝ ማነው?”

ፕሬዚዳንቱ አልጠራኝም። ቶለፍሰን ምንም አላለኝም። ከሥር የፈተና ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም።

“እኔ ነኝ” አልኳቸው።

የልጅቷን ስም ጠየቅኩ፤ መቼ መጥታ ጎተራውን እንደምታይ ተነጋገርን። ስልኩን ስዘጋ ጆሮዬ ግሎ ነበር። ተነስቼ ለቶለፍሰን ልነግረው ወረድኩ።